ዲሹን ከማውረድዎ በፊት ስልክዎን ይፈትሹ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የ13 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ኢትዮሳትም ናይልሳትም ይሠራል። ልጁ የራሱ ቴክኖ ስልክ አለው፤ ትንሿ ካርቱን ልይ እያለች የኔን ትወስዳለች። ባለፈው ሳምንት ቴሌግራም ላይ እርቃን ያለበት ቪዲዮ ስታይ ደረስኩባት፤ ስልኩን ነጥቄ ገረፍኳት። ባለቤቴ ዲሹም ይውረድ፣ ስልክም ይቅር ይላል። የልጁ የቤት ሥራ ደግሞ የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ዲሹ አይውረድ። በጻፉት ነገር ውስጥ ዲሹ እጁ የለበትም፤ ቪዲዮው የመጣው በእርስዎ ስልክ፣ በእርስዎ ቴሌግራም ነው። ብዙ ቤት ያለው ይኸው ነው። ሳሎን ያለውን ትልቁን ስክሪን ሁሉም ስለሚያየው ይጠበቃል፤ ልጅ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዞት የሚገባው ትንሹ ግን ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ከባለቤትዎ ሐሳብ ተቃራኒ ሆኖ ቢመጣብዎ አይቀየሙኝ፤ መጀመሪያ ልጅቷ፣ ቀጥሎ የእርስዎ ስልክ፣ ከዚያ የልጁ ስልክ ነው፤ ዲሹ ወደ መጨረሻው ይመጣል። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አይበሉ። የእርስዎ ስልክ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ የልጁ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ይወስዳል።

ከልጅቷ እንጀምር። የ8 ዓመት ልጅ ስትገረፍ የምትይዘው ትምህርት «ይህ ቪዲዮ መጥፎ ነው» የሚል አይደለም፤ «እማዬ ስትመጣ ቶሎ መዝጋት አለብኝ» የሚል ነው። ይህ ከቪዲዮው ይልቅ ያሳስበኛል፤ ነገ አንድ ትልቅ ሰው ሆን ብሎ ቢያሳያት ለእርስዎ አትነግርዎትማ። ግን አሁንም ይስተካከላል። ዛሬ ወይም ነገ፣ ወንድሟ በሌለበት፣ ፀጉሯን እየሠሩላት ያነጋግሯት፤ ልጅ ፊት ለፊት ካልተያየች የሚከብዳት ነገር ይቀላታል። እንዲህ ይበሏት፦ «ያን ቀን የመታሁሽ ደንግጬ ነው። ያየሽው ነገር ለልጅ አይሆንም፤ አንቺ ግን አላጠፋሽም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ከመጣብሽ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪውና ጥሪኝ። አልቆጣም፣ አልመታሽም።» ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቋት፦ «ራሱ ነው የመጣብሽ ወይስ ያሳየሽ ሰው አለ?»

«ራሱ መጣ» ካለች ጉዳዩን እዚያው ይዝጉት፤ ደግመው ደጋግመው አይመርምሯት። የሰው ስም ከጠራች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሆን ብሎ ማሳየት ለባሰ ጥቃት መንገድ መጥረጊያ ሊሆን ይችላል። ያለችውን በራሷ ቃል፣ ከነቀኑ ወረቀት ላይ ይጻፉና ፖሊስ ጣቢያ ሄደው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የያዘውን ክፍል ይጠይቁ። ሰውየውን አስቀድመው አያናግሩት፤ ካናገሩት ስልኩን ያጸዳል። ለ2 ወይም 3 ሳምንት ደግሞ እንቅልፏን ልብ ይበሉ። በሌሊት መባነን፣ ካቆመች በኋላ እንደገና ፍራሽ ማርጠብ፣ ያየችውን በጨዋታ መድገም፣ ብቻዋን መሆን መፍራት ከቀጠለ ለሐኪም ያሳዩአት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ሌላም ላክልልዎት። «ተገቢ ያልሆነ» ሲባል ወላጅ እርቃን ብቻ ይታየዋል። በእኛ አካባቢ የሬሳና የድብደባ ቪዲዮም ከዚያ አይተናነስም፤ የሚመጣውም አዋቂው ለዜና ብሎ ከገባበት ቻናል ነው። የ8 ዓመት ልጅ የተቀረጸበትን ቦታና ጊዜ አትለይም። የዛሬ ሁለት ዓመት ሌላ ክልል የተቀረጸው ለእሷ ዛሬ አዘዞ መንገድ ላይ የሆነ ነው። ከዚህ በታች የምነግርዎ ለሁለቱም ይሠራል።

አሁን ስልክዎን ያውጡ። ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ይክፈቱ። «ኦቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ» ከሚለው ሥር የሞባይል ዳታና የዋይፋይ መስመሮች አሉ፤ ሁለቱንም ያጥፏቸው። እስካሁን በርተው ከሆነ የገቡበት ግሩፕና ቻናል የለጠፈው ፎቶና ቪዲዮ ሳይጠይቅዎ ስልክዎ ላይ ሲወርድ ኖሯል፤ ጥቅልዎ ቶሎ የሚያልቀውም በዚሁ ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ሴቭ ቱ ጋለሪ» የሚል አለ። ለግል መልእክት፣ ለግሩፕና ለቻናል ለየብቻ ይበራል፤ ሦስቱንም ያጥፉ። ዋናው ማምለጫ ይህ ነው፦ ልጅቷ ቴሌግራምን ሳትነካ ጋለሪውን ከፍታ ሁሉንም ታገኘዋለች። ማጥፋቱ የሚያስቆመው ወደፊት የሚመጣውን ብቻ ነው። የድሮውን ጋለሪ ውስጥ «ቴሌግራም» የሚሉትን ፎልደሮች ከፍተው በእጅዎ ያጥፉ። ያጠፉት ወዲያው ከስልኩ አይወጣም፤ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለ30 ቀን ያህል ይቆያል። እሱንም ባዶ ያድርጉት።

ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ይግቡ። «ኢንቫይትስ» የሚለውን (በድሮው ቴሌግራም «ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ» ይላል) ወደ «ማይ ኮንታክትስ» ይቀይሩት። «ኤቭሪባዲ» ላይ ካለ የማያውቁት ሰው ጎትቶ የፈለገው ግሩፕ ውስጥ ይከትዎታል። እዚያው ገጽ ላይ «ፓስኮድ ሎክ» አለ፤ የስልክዎ መክፈቻ ያልሆነ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ይስጡት። ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ «ኦቶ ሎክ» የሚለው ሳይነካ ሲቀር 1 ሰዓት ላይ ይቆማል። ያ ማለት መልእክት አይተው ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ለ1 ሰዓት ያለ ቁልፍ ክፍት ነው ማለት ነው። ወደ 1 ደቂቃ ያውርዱት። በጣት አሻራ የሚከፈት ካደረጉት ደግሞ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ስንት ጣት እንደተመዘገበ ይቁጠሩ። ከመካከላቸው የእርስዎ ያልሆነ ጣት ቢያገኙ አይገረሙ፤ ልጆች እናታቸው ስትተኛ ሳይሆን ስልኩን ክፍት አድርጋ በሰጠቻቸው ጊዜ ነው ጣታቸውን የሚያስመዘግቡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የቴሌግራም መፈለጊያ ሳጥን አይቆለፍም። አንድ ቃል በአማርኛ ሲጻፍበት ለሕዝብ ክፍት የሆኑትን ቻናሎች ያወጣል፤ ከነዚያ መካከል የወሲብ ቪዲዮ የሚለጥፉ አሉ። «ሾው ሴንሲቲቭ ኮንተንት» የሚል ምርጫ ካዩ ያጥፉት፤ ቢሆንም የሚሸፍነው ቴሌግራም ራሱ ምልክት ያደረገበትን ብቻ ነው። ስለዚህ የ8 ዓመት ልጅ በምንም ዓይነት ሴቲንግ ቴሌግራም ላይ መቀመጥ የለባትም።

ካርቱኑስ? ሁለት ነገር ያጣምሩ። መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ክፍል ካርቱን ራስዎ አይተው ያውርዱና በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ። ሲሰጧት ዳታውንም ዋይፋዩንም ያጥፉ። ቀጥሎ የቪዲዮ ማጫወቻውን ስክሪኑ ላይ ይቸንክሩት። ሴቲንግስ ውስጥ «ሴኩሪቲ» ሥር «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» ይባላል፤ ሲያበሩት «ከመንቀሉ በፊት ፒን ይጠይቅ» የሚለውንም አብረው ያብሩ፤ ያለዚያ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭና ትወጣለች። ዩቲዩብን መቸንከር ግን ብቻውን ምንም አያደርግም፤ ከዩቲዩብ መውጣት ያቅታታል እንጂ ዩቲዩብ ውስጥ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ዩቲዩብ የግድ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ «ጀነራል» ሥር «ሬስትሪክትድ ሞድ» ያብሩ። መሥራቱን በአንድ ነገር ያውቁታል፤ ከቪዲዮ ሥር ያለው ኮሜንት ይጠፋል። «ኦቶፕሌይ»ንም ያጥፉ፤ ካርቱን ብሎ የጀመረው ከሦስተኛው ቪዲዮ በኋላ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ሬስትሪክትድ ሞድ በሁሉም ቋንቋ እኩል እንደማይሠራ ዩቲዩብ ራሱ ይናገራል። አማርኛ ላይ ብዙ ያመልጠዋልና አይመኑት።

አሁን ወደ ልጁ ስልክ። ከምንም በፊት አንድ ነገር ይዩ፦ ስልኩ ላይ ያለው ጂሜይል የልደት ዓመት። ጂሜይሉን የከፈተው ስልክ የሸጠላችሁ ሱቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደመጣለት ቀን ሞልቶ ነው፤ ልጅዎ በጉግል ዘንድ የ35 ዓመት ጎልማሳ ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱ ከፍቶትም ቢሆን የልደቱን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይጽፈዋል። በ2005 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ «2005» ብሎ ሲሞላ ስልኩ የሚያነበው በፈረንጅ ነውና ዕድሜው ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይጨምርለታል። የ13 ዓመቱ ልጅ 20 ዓመት አለፈው ማለት ነው፤ ለአዋቂ የተፈቀደው ሁሉ ይፈቀድለታል። በ2005 ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከተወለደ 2012፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2013 ብለው ያርሙት። ማረሚያው ሴቲንግስ ውስጥ «ጉግል»፣ ከዚያ «ፐርሰናል ኢንፎ» ውስጥ ነው። ቲክቶክ ላይም ይኸው ስሕተት ይፈጸማል፤ እዚያ ግን ልጁ ራሱ አያርመውም፤ አካውንቱን ዘግቶ በትክክለኛው ዓመት አዲስ መክፈት ይቀላል። የጂሜይሉን ፓስወርድ ማንም የማያውቀው ከሆነም በአዲስ ይተኩት፤ ስልኩ አንድ ቀን ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ራሱ ችግር ነው።

የልደቱ ዓመት ከተስተካከለ «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባለውን የጉግል አፕ በእርስዎ ስልክ ላይ ያውርዱ። የልጁ ስልክ አንድሮይድ 7 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ልጅዎ 13 ስለሞላው ክትትሉን ሲያስጀምሩ የእሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ለኔ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ቁጭ ብላችሁ፣ «የምከለክልህ ምን እንደሆነ፣ የማላይብህ ምን እንደሆነ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። መልእክቱን አያነቡበትም፤ ፋሚሊ ሊንክም ይህን አያሳይም። የሚያደርጉት ሦስት ነገር ነው፦ አዲስ አፕ ሲያወርድ የእርስዎ ፈቃድ ይጠየቅ፣ ክሮም የወሲብ ድረ ገጾችን ያግድ፣ ስልኩ ከማታ 3 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ይቆለፍ። የመጨረሻው ያስከፋዋል። ግን የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነውና ለብቻ የሚታየው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚታየው ያኔ ነው። መቆለፉ ብቻም አይበቃም፤ ስልኩ ቻርጅ የሚደረገው በእርስዎ መኝታ ቤት ይሁን።

ቀጥሎ የድረ ገጽ ማጣሪያ። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ገንዘብም አፕም አያስፈልግም። ሴቲንግስ ውስጥ ያለውን መፈለጊያ ተጠቅመው «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ያውጡ፤ እንደ ስልኩ ዓይነት የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚለያይ ፈልጎ ማውጣቱ ይሻላል። ሦስት ምርጫ ይመጣል፤ «ሆስትኔም» የሚለውን መርጠው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ ክፍተት ሳይኖረው ይህን ይጻፉ፦ ፋሚሊ፣ ነጥብ፣ ክላውድፍሌር፣ ሰረዝ፣ ዲኤንኤስ፣ ነጥብ፣ ኮም። ቁጥር አይቀበልም፤ ፊት ለፊቱም «ኤችቲቲፒ» አይገባም። አስቀምጠው ሲጨርሱ ይሞክሩት። ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ፣ ውስጡ ምንም ነውር የሌለበት መሞከሪያ ገጽ አለ፦ ኑዲቲ፣ ነጥብ፣ ቴስትካቴጎሪ (አንድ ላይ)፣ ነጥብ፣ ኮም። ገጹ አልከፈት ካለ ማጣሪያው ሥራ ጀምሯል። ኔትዎርክ ሲደክም «ኢንተርኔት የለም» ሊልዎ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለጊዜው ወደ «ኦቶማቲክ» መልሰው ይሞክሩ፤ ከሠራ በኋላ ግን መመለሱን አይርሱ። ብዙ ቤት ማጣሪያው የሚሞተው በዚህ ነው፤ አንድ ቀን ኔት አልሠራ ብሎ ይጠፋል፣ በዚያው ይቀራል።

ይህ የሚያግደው ድረ ገጽን ነው። ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ፌስቡክ ውስጥ ያለውን አያየውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቪፒኤን (እገዳን የሚያልፍ አፕ) ካለ ማጣሪያው ዋጋ የለውም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘጋ ትልቁም ትንሹም ቪፒኤን ጫነ፤ ሲከፈት ግን ያጠፋው ጥቂት ነው። በልጁ ስልክ ላይ የቁልፍ ወይም የጋሻ ምልክት ያላቸውን አፖች አንድ በአንድ እያዩ ያጥፉ፤ ሴቲንግስ ውስጥም «ቪፒኤን» ብለው ፈልገው የቀረ ስም ካለ ይሰርዙ። አፕ ለማውረድ የእርስዎ ፈቃድ ስለሚጠየቅ በፕሌይ ስቶር አይመለስም፤ ከጓደኛው በዜንደር ሊቀበለው ግን ይችላል። ስለዚህ «ኢንስታል አንኖውን አፕስ» የሚለውን ለዜንደርም፣ ለቴሌግራምም፣ ለፋይል ማኔጀርም ያጥፉ። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ አፕ የሚደብቅ መሣሪያ አብሮ ይመጣል፤ የተደበቀ እንዳለ ለማወቅ በስክሪኑ ሳይሆን በሴቲንግስ ውስጥ ያለውን ሙሉ የአፕ ዝርዝር ይዩ።

ቲክቶክ ካለው በሴቲንግስ ውስጥ «ፋሚሊ ፔሪንግ» ከፍተው በኪውአር ኮድ ከእርስዎ ስልክ ጋር ያገናኙት፤ «ሬስትሪክትድ ሞድ»ን ከእርስዎ በኩል ያብሩት። «ኮንተንት ፕሪፈረንስ» ውስጥ ቃል የሚያግድ ቦታ አለ። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለበት። ማሽኑ «ጸብ»ንና «ፀብ»ን፣ «እርቃን»ንና «ዕርቃን»ን አንድ መሆናቸውን አያውቅም። አንድ ቃል ሲያስገቡ በሁሉም ሞክሼ ፊደል ያስገቡት። «ሬሳ» ብለው «አስከሬን»ን፣ እሱን ብለው «ዐስከሬን»ን አይተዉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውንም ይጨምሩ፤ ወጣቱ የሚጽፈው በዚያ ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን 20 ቃል በ10 ደቂቃ ይገባል፤ ልዩነቱም በሳምንት ውስጥ ይታያል።

የቤት ሥራው ጉዳይ በቀላሉ ይፈታል። የትምህርት ቤቱ ግሩፕ በእርስዎ ስልክ ላይ ይሁን፣ በፓስኮድ ሥር። ምሽት ላይ ልጁ አጠገብዎ ሆኖ የመጣውን ይገልብጥ። መምህራኑ ለልጁ ራሱ እንዲላክ ካሉ ቴሌግራሙ በስልኩ ላይ ይቆይ፤ ግን «ኢንቫይትስ»ንና «ሴቭ ቱ ጋለሪ»ን እንደ እርስዎ ስልክ ያስተካክሉለት። በወር አንድ ቀን ደግሞ የገባባቸውን ቻናሎች አብራችሁ እዩ፤ «አርካይቭ» ውስጥ የገቡትንም ጭምር። መልእክቱን ሳይሆን የቻናሎቹን ስም ብቻ።

ቤት ዋይፋይ ካለ ማጣሪያውን የዋይፋዩ ሳጥን (ራውተር) ላይ ማድረግ ይቻላል። ከጀርባው ያለውን ወረቀት ያንብቡ፤ በክሮም ጽፈው የሚከፍቱት አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። «ዲኤችሲፒ» የሚለው ገጽ ላይ የመጀመሪያው ዲኤንኤስ 185.228.168.168፣ ሁለተኛው 185.228.169.168 ይሁን። ሁለተኛውን ባዶ ወይም 8.8.8.8 ብለው ከተዉት ስልኮቹ አንዳንዴ በዚያ ይወጣሉና ማጣሪያው ያፈሳል። ይህኛው ማጣሪያ ጠንከር ያለ ነው፤ የቤቱን ዩቲዩብ በሙሉ ሬስትሪክትድ ያደርገዋል። ባለቤትዎ «ኮሜንት ጠፋብኝ» ካሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለቀቅ ያለውን ከፈለጉ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ያስገቡ። የሳጥኑን ፓስወርድ ይቀይሩ። ኢንተርኔቱን የሚሰጥዎት ድርጅት ይህን ገጽ ለደንበኛ ካልከፈተው አይጨነቁ፤ ከላይ የተናገርኩት የስልኩ ማጣሪያ በዋይፋይም በዳታም ይሠራል።

አሁን ዲሹ። ኢትዮሳት ያለው በምሥራቅ 57 ዲግሪ፣ ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ነው። አንድ ዲሽ ሁለቱን ስለማይስብ ጣሪያዎ ላይ ጀርባና ጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ሳህኖች አሉ፤ ገመዶቻቸው አንዲት ትንሽ ሣጥን፣ ዳይሴክ ላይ ተገናኝተው በአንድ ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይወርዳሉ። ከናይልሳት የሚያዩት ነገር ከሌለ ከሁሉ የሚሻለው ቁልፍ ይህ ነው፦ የናይልሳቱን ገመድ ከዳይሴኩ ላይ ፈትተው ይተዉት። ሪሲቨሩ መብራቱ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ እንጂ እየሠራ አይንኩት። ልጅ የሚገምተው ኮድ የለም፣ የሚያጠፋው ሴቲንግ የለም።

ናይልሳት የምትፈልጉበት ነገር ካለ ደግሞ በሪሲቨሩ ይቆልፉ። «ሜኑ»፣ ከዚያ «ኤዲት ቻናል» ይግቡ፤ ኮድ ከጠየቀ 0000 ወይም 1234 ይሞክሩ። የማይፈለጉትን አይሰርዙ፤ ይቆልፉ። የተሰረዘ ቻናል በአንድ «ብላይንድ ስካን» (ሪሲቨሩ ቻናሎችን ራሱ ፈልጎ ሲያስገባ) ይመለሳል፤ ዲሽ ሠሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሲወጡ «ሴቭ» ይላል፣ «የስ» ይበሉ፤ ሳያስቀምጡ መብራት ከጠፋ ሁሉም ከንቱ ይሆናል። ከዚያ «ፓረንታል ሎክ» ውስጥ ቻናል ብቻ ሳይሆን «ኢንስታሌሽን» ወይም «ሜኑ» የሚለውንም ይቆልፉና ኮዱን ይቀይሩ። ሜኑው ክፍት ከቀረ «ፋክተሪ ሪሴት» አንድ ጊዜ ተጭኖ ኮዱን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል። ሪሲቨርዎ ዋይፋይ የሚቀበል ከሆነ ዩቲዩብና አይፒቲቪም (በኢንተርኔት የሚመጣ ቴሌቪዥን) አብረው ይኖሩታል፤ የዩኤስቢ ዋይፋዩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት።

ኢትዮሳት ብቻ ስለሆነ ሁሉ ለልጅ ነው ማለት አይደለም። በአማርኛ የተተረጎሙት ተከታታይ ድራማዎች ለ8 ዓመት ልጅ የተሠሩ አይደሉም። አገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ጣቢያ ልጆች በሚያዩበት ሰዓት የማይገባ ነገር ካሳየ ግን አቤት የሚባልበት አለ፤ የጣቢያውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ። ከውጭ ለሚመጣው የናይልሳት ቻናል ይህ አይሠራም።

ማንም የማያስታውሰው ደግሞ ፍላሹ ነው። ፊልም ቤት ስትልኩት ሻጩ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ፎልደር እንዳለ ይገለብጣል፤ ውስጡ ያለውን እሱም አላየውም። ባዶ ፍላሽ ይላኩ፣ የፊልሞቹን ስም በወረቀት ይጻፉ፣ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ላይ ከመሰካቱ በፊት ኮምፒውተር ላይ ምስሎቹን በትልቁ አድርገው ይዩ። ኢንተርኔት የሌለበት መንገድ ስለሆነ ከላይ ያለው ማጣሪያ ሁሉ አይደርስበትም፤ ከልጅ ወደ ልጅ በዜንደር የሚተላለፈውም እንዲሁ።

ለልጁ የማያውቀው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከላከለት ወይም ፎቶህን ላክ ካለው አያጥፉት። የላኪውን ስምና ዩዘርኔም፣ ቀኑንም ጨምረው ስክሪንሹት ያንሱ፤ ስም በየቀኑ ይቀየራልና ዩዘርኔሙ አይቅር። ከዚያ ያግዱት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በወሲብ መልእክትና ምስል መገፋፋትን በጽኑ እሥራት ይቀጣል። የልጁን የራሱን እርቃን ምስል ግን «ለማስረጃ» ብለው ለዘመድ አያስተላልፉ፤ ማሰራጨቱም ሆነ መያዙ በዚሁ አንቀጽ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ስልኩን እንዳለ ይዘው ፖሊስ ጋ ይሂዱ።

ለባለቤትዎ ይህን ያሳዩአቸው። ከተስማሙ ዲሹን ከማውረዳቸው በፊት የራሳቸውን ቴሌግራም ከፍተው «ሴቭ ቱ ጋለሪ»ን ያጥፉ፣ ፓስኮዱንም ያስገቡ። የእርስዎ ስልክ ከተቆለፈባት ልጅቷ ቀጥሎ የምታነሳው የእሳቸውን ነው።